ቀብድ

"ስንት ነው?" አለች ወይዘሮ ዘርፌ፣ በሩን ገና እንደከፈተች፣
ከጎረቤት የሰማችውን የካሬ ዋጋ በጣቷ እየቆጠረች።
እኔ ሦስት ፎቅ ወጥቼ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ፣
ሜትሬን ሳልዘረጋ ገና፣ ግድግዳዋን በክርኔ ተደግፌአለሁ።
ክርኔን ሳነሳው እንደ ወፍጮ ቤት ሰው በዱቄት ነጥቷል፤
እሷ አላየችውም እንጂ ሒሳቡ ከዚያ ጀምሯል።

"ቀለሙ አይደል ውዱ?"
"ቀለሙማ እንግዳ ነው፣ መጨረሻ ነው የሚደርስ፤
ከእሱ በፊት መፋቅ አለ፣ ስቱኮ አለ፣ አቧራ አለ ከእግር እስከ ራስ።
ይኼ ልስን ስድስት ዓመት ውሃ ጥም ይዞት ቆይቷል፣
የመጀመሪያውን እጅ ሳያመሰግን ይጠጣል፣
ሁለተኛውን ያጣጥማል፣
ሦስተኛው ላይ ነው ጠግቦ ሰው ፊት የሚቀርብ መልክ የሚያወጣው፤
ያንን ጥማት ነው እንግዲህ በብር የምንቆርጠው።"

የሳሎኑ አንድ ጎን ጥቁር ሰማያዊ ነው፣
ልጇ ካሌብ ከጓደኞቹ ጋር ለልደቱ ቀብቶት።
"ነጭ አድርግልኝ።"
"ነጩን ሁለት ጊዜ ትከፍያለሽ፣ ጥቁሩን ለማስረሳት።"

መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ልስኑ አብጦ ጨው አብቧል፣
ከላይኛው ቤት ቧንቧ በጋም ክረምትም ይዘንባል።
"ስቱኮ ይኼን አያድነውም፣ ይደብቀዋል ለጊዜው፤
መጀመሪያ ከላይ ያለውን ሰውዬ አናግሪው፣
እሱ በእኔ ዋጋ ውስጥ የለም።"
"በእኔም ትዕግሥት ውስጥ የለም" አለች።

ሊፍት ለዚህ ብሎክ አልተጻፈለትም፤
ሃያ ሊትሩን ባልዲ ቱፋ ነው በትከሻው የሚያወጣው፣ ውሃውንም ከታች ቀድቶ።
"ይኼም እኔ ላይ ነው?"
"ደረጃው ላይ ነው" አልኳት። ሳቀ ቱፋ፣ ጣቶቹን አፍታቶ።

ከታች የተከራየቻት ሱቅ ትናንት የሞተር ዘይት መሸጫ፣
ነገ የሴቶች ፀጉር ቤት፤ ወለሉን ኤፖክሲ አለች፣ የደንበኛ መልክ መመልከቻ።
የዘይት እድፍ በሳሙና አይለቅም፣ በማሽን ነው የሚፋቀው፣
ማሽኑም መብራት ሲጠፋ ቆሞ ኪራዩን የሚቆጥረው።
ማታ ፌስታል ቀድጄ፣ አራት ጎኑን በፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፌ ሄድኩ፤
በማግስቱ ከውስጥ አልቦታል፤ ጎንበስ ብዬ ጠብታውን ቆጠርኩ።
ኮዬ ፈጬ መረሬ ነው፤ ከሲሚንቶው ሥር የጤፍ ማሳው ገና አለ፣
ያምናውን ክረምት እንዳቀፈ፣ ወደ ላይ እየተነፈሰ አለ።
"ዛሬ ከቀባሁት በወሩ ይነፋል፤ ጠብቂ ሦስት ሳምንት።"
"ሦስት ሳምንት እኮ ኪራይ ነው!"
"እሱም ዋጋ ነው" አልኩ፣ "ደረሰኝ የማይቆረጥለት።"

ተመልሰን ወጣን፣ የቀረ ክፍል አለ ብላ። ከአልጋው ራስጌ፣ ባዶ ግድግዳ፣
በእርሳስ የተሰመሩ ጭረቶች፣ አምስት አምስት ታስረው፤ ሰባ ሁለት፤ የወር ዕዳ።
ባንክ የገባ እያንዳንዱ ወር። አንዱ ጭረት ጎንበስ ያለ፤
"ያኔ አሞኝ ነበር" አለች፣ "ካሌብ ነው ወስዶ የከፈለ።"

"ይቺን ተዋት። ይቺን ስትተው ስንት ይቀነሳል?"
"ይጨምራል።
ለመሸፈን ሮለር ይበቃል፣ አንዴ ሽው ማድረግ ነው፤
ለመተው ግን ዙሪያውን ቴፕ፣ ቀጭን ብሩሽ፣ ትንፋሽ ይዞ መሥራት ነው።"

ለእያንዳንዷ ሃምሳ ብር ከጠዋት የተሟገተችኝ ሴት
እዚህ ጋ ዝም አለች፤ አንገቷን ነቀነቀች፣ "ጻፍበት።"

ጻፍኩት። ከመሐረቧ ቋጠሮ ቀብዱን ፈታች፣
ሁለቴ ቆጥራ ሰጠችኝ፤ ከዚያ እርሳስ ፈለገች፤
ከፍራሹ ሥር አገኘችው፣ በጥርሷ ቀረጸችው፣
ሰባ ሦስተኛዋን፣ የእኔን፣
ከሁሉም ታች ሰመረች።

ሜትሬን እንደገና ዘረጋሁ፤
ቴፑ የሚያርፍበትን
አንድ ጣት ዝቅ አድርጌ ለካሁ።